የአቢጃታ ጨው እና የዒድ ቀሚሴ

ወደ አቢጃታ ሐይቅ ዳርቻ ለመውረድ ያሰበ ሰው ካለ ምክሬ አንድ ነው፤ አዲስ ልብስ ለብሶ እንዳይሄድ። እኔ የሄድኩት ለዒድ ባሰፋሁት ሐምራዊ ቀሚስ ነው። ምን ላድርግ፣ «ሐይቅ» ሲሉኝ የታየኝ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነበራ! ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ለስላሳ አዝዞ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ። ሐይቅ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «እስቲ ንገሪን» እያለ ስላስለፈለፈኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የምጽፈውም እንደ እኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጀርባ ተነስቶ የትም ለማይሄድ ሰው ነው። ዘሃራ እባላለሁ። አዳማ ላይ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ዕቃ ሱቅ አለኝ። ከተማው አዳማ ይባል እንጂ እኔ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣው ናዝሬት ነው፤ የለመደ አፍ ምን ይደረግ።

የጉዞው ባለቤት ግን እኔ ሳልሆን የእህቴ ልጅ ሰሚራ ናት። እናቷ ካለፈች ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው በዓይን ስለማይታዩ ፍጥረታት ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ በሚሞትበት ጨው ውስጥ ተመችቷቸው ስለሚኖሩ ተሕዋስያን። ከሐይቁ ዳር አምጥታ ዓመት ሙሉ በጠርሙስ ስታሳድጋቸው ቆየች። እንደ ልጅ ነበር የምትንከባከባቸው፤ በዓል ቀን ሳይቀር «አይቻቸው ልምጣ» ብላ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄደ። ሲመለስ የላቦራቶሪው ማሞቂያ ሳጥን አበደና ሁሉንም ቀቀላቸው። አንድ የተረፈ የለም።

አማካሪዋ ደግሞ ቁርጡን ነገራት። እስከ ሰኔ መጨረሻ በሕይወት ያለ ነገር ካላሳየችው ርዕሷን ቀይራ ከዜሮ ትጀምራለች። ከዜሮ ለመጀመር ደግሞ የተሰጣት ጊዜ አልቋል፤ ስለዚህ ነገሩ ትምህርቷን መተው ማለት ነበር። ክረምቱም ሊገባ ነው፤ ዝናብ ከጣለ በሐይቁ ዳር የተጋገረው ጨው ይታጠባል። ግንቦት እያለቀ ነበር። «ብቻሽንማ ከሹፌር ጋር የትም አትሄጂም» አልኳትና ሱቄን ዘግቼ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወጣን። ሰሚራ የያዘችው አንድ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ቀቅላ ያደረቀቻቸው ሦስት ባዶ የማር ጠርሙሶች፣ ማንኪያና ጓንት አሉ። እኔ ግን ትራስ፣ ቴርሞስ፣ ዣንጥላ፣ ሳምቡሳ፣ ሶፍት፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ለማንኛውም ደግሞ ብርድ ልብስ ይዣለሁ። ሹፌራችን ከድር የሠፈራችን ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ አገሩ አርሲ ነገሌ ቢሆንም መኪና የሚነዳው ናዝሬት ነው። ጓዜን አየት አድርጎ፣

«እትዬ ዘሃራ፣ ልንመለስ ነው ወይስ እዚያው ልንሰፍር ነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ጫን! ሳምቡሳውን ማን እንደሚለምን እናያለን።»

ሞጆ ሳንደርስ ለመነ።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን አለፍን። ዓሣ ሻጮቹ መንገድ ዳር ቆመው የያዙትን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ልገዛ ፈልጌ ነበር፤ ሰሚራ «አክስቴ፣ ሦስት ቀን ከዓሣ ጋር ልትጓዢ ነው?» አለችኝና ተውኩት። ልጅቷ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ድሮ አፏ የማያርፍ ልጅ፣ ያ ማሽን ካበደ ወዲህ ጥያቄ ካልጠየቋት አትናገርም ነበር።

ዓለም ጤና ስንደርስ ጎማችን ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ እሱም ቀድሞ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ከድርን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። አንድ ባለጋሪ ሳይጠራ መጥቶ ከድርንና ሁለቱን ጎማ ጭኖ ወደ ጎሚስታ ወሰደልን። ከፊታችን ካለው ቤት ደግሞ አንዲት ሴት ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣች፤ ግራር ሥር አስቀምጣ «ፀሐይ ላይ አትቁሙ» ብላ ተመለሰች። ቆይታ ውኃ አመጣች። ቆይታ ደግሞ የተቀቀለ ድንች አመጣች። ናዝሬት ቢሆን ጎማው የተነፈሰበት ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ጡሩምባ ነው፤ ቀጥሎ ስድብ።

መቂ ስንደርስ ሰሚራ ከድርን አቁም አለችው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ የአባቷ የሽንኩርት ማሳ ነበር። እኔ ድሮ ያየሁት አረንጓዴ ሆኖ ነው። አሁን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል መሬቱ ነጭ ሆኗል። ውኃው ሲጠጣና ሲደርቅ፣ ሲጠጣና ሲደርቅ ጨው እየተወ ሄዶ ነው አለችኝ። አባቷ ዛሬ ሞጆ ላይ መጋዘን ይጠብቃል።

«ከጨው ጋር መኖር የሚችሉ ነገሮች እንዴት እንደቻሉት ማወቅ ነው የምፈልገው» አለች። «እነሱ ከቻሉ፣ አንድ ቀን ለሽንኩርት የሚሆን ዘዴ ከእነሱ ይገኝ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት፣ አክስቴ። እንዳታወሪብኝ።»

አላወራሁም። ዛሬ ነው የማወራው።

ማታውን ባቱ አደርን፤ እኔ ዝዋይ ነው የምለው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳደረጉ ጡረተኞች ቆመው የምንጥለውን አጥንት ይጠብቃሉ። የእኛ ከተማ ሙቀት ደረቅ ነው፤ የዝዋይ ግን ከትንኝ ጋር ነው። ያረፍንበት ፔንሲዮን አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። ለባለቤቷ ነገርኳት፣ ትንሽም ተቆጣሁ። ይቅርታ ብላ ሄደችና የራሷን አልጋ አጎበር ፈትታ አመጣችልኝ። አልቀበልም ብላትም አልሰማችኝም። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እፍረቴ እንጂ ትንኙ አይደለም።

ሁለተኛው ቀን

ቡልቡላን አልፈን፣ የፓርኩ በር ላይ ፈቃዳችንን አሳይተን ወደ አቢጃታ ወረድን። አሁን እንግዲህ ቢሾፍቱን እርሱት። ጥላ የለም፤ ለስላሳ የለም፤ ወንበር የለም። ውኃው ሸሽቷል፤ ድሮ ሐይቅ የነበረው ሜዳ ሆኖ ነጭ፣ ግራጫ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሮዝ ሆኖ ተዘርግቷል። ውኃው ዳር እግራቸው ረጃጅም የሆኑ ሮዝ ወፎች፣ ፍላሚንጎዎች፣ ተሰልፈዋል። ሽታው ግን አይጣል ነው! የተበላሸ እንቁላል በፀሐይ የተቀቀለ ይመስላል።

«ሰሚ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለዚህ ሽታ ነው?»

«ሽታው የእነሱ ነው» አለች። «መኖራቸው የሚታወቀው በዚህ ሽታ ነው።»

ተንበርክካ የጨውን ቅርፊት በማንኪያ ፈልቅቃ ገልብጣ አሳየችኝ። ወይ ጉድ! ውስጡ እንደ ኬክ ቤት ኬክ የተደራረበ ነው። ከላይ ነጭ ጨው፣ ከሱ ሥር አረንጓዴ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከታች ድብን ያለ ጥቁር።

«አረንጓዴው በፀሐይ ምግቡን ይሠራል። ሮዙ ከሱ የተረፈውን ይጠቀማል። ጥቁሩ አየር በሌለበት ጓዳ ነው የሚኖረው። አንዱ የጣለውን አንዱ ይበላል። ብቻውን የሚኖር የለም።»

«እንደ ቀበሌ ቤት ግቢ በይኛ!»

«እንደሱ ነው» አለችና ትንሽ ፈገግ አለች።

«ፍላሚንጎዎቹስ?»

«ቀለማቸው እኮ ከሚበሉት ነው የሚመጣው። እነዚህ ባይኖሩ ነጭ ይሆኑ ነበር።»

ይሄን ስሰማ ነው ፎቶ ማንሳት ያማረኝ። ሰሚራ «የእኔን ዱካ ብቻ ተከተይ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ስልኬን ዘርግቼ ወደ ወፎቹ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ አንድ ሌላ እርምጃ። ቅርፊቱ ቋ አለ። እስከ ጉልበቴ ጥቁሩ ጓዳ ውስጥ ገባሁ። «ያ አላህ!» ብዬ ለመውጣት ስል ሁለተኛው እግሬም ተከተለ። ቁጭ አልኩበት፤ ከነቀሚሴ።

ከድር ሮጦ መጥቶ በብብቴ ይዞ ሳበኝ። እኔ ወጣሁ፤ አንድ ጫማዬ ቀረ። እስካሁንም እዚያው ነው። ሰሚራ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ አፏን በጓንቷ ልትሸፍን ስትል ጓንቱ ጭቃ መሆኑን አስታወሰችና ትታው ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያ ማሽን ካበደ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልተቆጣሁም።

ሦስቱን ጠርሙስ ከሦስት ቦታ ሞላች፤ ከጭቃው፣ ከሮዙ ቅርፊትና ዳር ላይ ከተኛው ቀላ ያለ ውኃ። በጋዜጣ ጠቀለለቻቸው። ቀሚሴ በፀሐዩ ደርቆ ጫፉ ካርቶን ሆነ፤ ስራመድ ከእግሬ ጋር ይጋጫል፤ ላዩ ላይ ነጣ ያለ ሮዝ ጨው ተጋግሯል። ሰማዩ ግን በምሥራቅ በኩል ጠቁሮ ነበር። ከድር ሲያየው «ዛሬ መንገድ አንጀምርም፤ እናቴ ዘንድ እናድራለን» አለ።

የእናቱ ቤት ከነገሌ ወጣ ብሎ፣ በቁልቋል የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። አዴ ቢፍቱ ይባላሉ፤ «አዴ» እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። «በጋ ነጋን ዱፍተን!» ብለው እንኳን ደህና መጣችሁ አሉን። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሰሚራ ግን እንደ አፏ ትናገራለች። ሴትዮዋ በአንድ ባዶ እግሬ ቆሜ ሲያዩኝ ምንም አልጠየቁም። ገብተው የራሳቸውን ንጹሕ ሰፊ የቤት ልብስ፣ ድሪያ፣ አመጡልኝ። ቀሚሴን ሳወልቅ ግን ከእጄ ያዙት።

«ላጥበው።»

«ወላሂ አይሆንም!»

እሳቸው ይስባሉ፣ እኔ እስባለሁ። እንግዳ ሆኜ ሄጄ የሐይቅ ጭቃ ላሳጥብ? ናዝሬት ቢሰማ ምን ይላል? ነጥቄ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣ ከኋላዬም አስቀመጥኩት። አዴ ቢፍቱ ለቀቁኝ። ፊታቸው ላይ ግን ነገሩ እንዳላለቀ ያስታውቅ ነበር።

ሰሚራ ካርቶኑን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «አዴ፣ ይሄን ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡልኝ፤ አደራ» አለቻቸው። ከዚህ በላይ አላብራራችም፤ ደክሟት ዓይኗ እየተከደነ ነበር። እሳቸውም ምንነቱን አልጠየቁም። የእንግዳ ዕቃ ምን አለበት ተብሎ አይጠየቅም። ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ገንፎ በቅቤ አቀረቡልን፤ ከዚያም የረጋውን ወተት፣ ኢቲቱን፤ በማንኪያ የሚቆም። እኔ ቤት ወተት ማለት ከሱቅ የሚገዛ በላስቲክ ያለ ነው፤ ይሄኛው ግን የጢስ ሽታ አለው፣ ይከብዳል፣ ምላስ ላይ ይቆያል። ከድር ስለ ሰሚራ ትምህርት፣ መብራት ስላቃጠለባት ነገር ለእናቱ ነገራቸው። ሁሉ ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም። ሲያበቃ ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

«የለፋሽበት ይሁንልሽ። የጠፋብሽ ይመለስልሽ። ባዶ እጅሽን አትመለሺ።»

«አሚን» አልን። ስንተኛ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ እኔም ቀድመን ደረስን ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ከድር መስጊድ ደርሶ ሲመለስ ካርቶኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀን፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በገመድ ታስሮ። «አቧራ እንዳይገባበት ብለው ነው» አለች ሰሚራ፤ በጣም ደስ አላት። አዴ ቢፍቱ አቅፈው ሲስሟት የሆነ የምሥጢር ፈገግታ ነበራቸው። እኔ ድሪያውን ልመልስ ስል «ለብሰሽው ግቢ» አሉኝ። የከድርን አሮጌ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ፌስታሌን ይዤ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እስከ አስፋልቱ ድረስ መኪናውን ሁለት ጊዜ ገፋን፤ እኔም ገፋሁ፣ በሰው ድሪያ። ሰሚራ ካርቶኑን እስከ ናዝሬት ድረስ ከጭኗ አላወረደችም። መቂ ጋ ስናልፍ በመስኮቱ ወደዚያ ነጭ ማሳ አየችና፣ በእጇ ካርቶኑን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች።

ቤት ገብተን ሻይ ሳልጥድ፣ ነገ ላቦራቶሪ ከማድረሷ በፊት ልያቸው ብላ ገመዱን ፈታች። ጋዜጣውን ገለጠች። ጠርሙሱ ነጭ ነው። ሁለተኛውም ነጭ ነው። ሦስተኛውም። እኔ የዋህ፣ «ጨው ሆነው ነው?» አልኩ። ክዳኑን ስትከፍት ያ የጢስ ሽታ ቤቱን ሞላው። ኢቲቱ ነው። ጠርሙሶቹ አብረቅርቀው ታጥበዋል፤ እስከ አፋቸው ኢቲቱ ተሞልቷል።

ሰሚራ ክዳኑን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከድር ትራሴን ይዞ ሲገባ አየና ትራሱ ከእጁ ወደቀ። «እናቴ!» አለ፣ ራሱን ይዞ። «ስንቃቸው ተበላሸባቸው ብላ ነው! ሸቶባት ነው! እኛ ጋ እንግዳን ምግብህ ሸተተ አይባልም፤ ያፍራል። ዝም ብላ ትደፋለች፣ ታጥባለች። ባዶ ዕቃ ደግሞ አትመልስም፣ ሞልታ ነው። እትዬ ዘሃራ፣ በአላህ፣ እንዳይቆጡ።»

ተቆጣሁ እንጂ! «ጭቃ እኮ ነው! ጭቃን ስንቅ ነው ብሎ የሚያስብ ማነው?» እያልኩ ጮህኩ። እየጮህኩ ግን የቀሚሱ ጉተታ ትዝ አለኝ። ቀሚሴን ባሳጥብ ኖሮ እጃቸው ወደ ጠርሙሱ አይሄድም ነበር ይሆናል። ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

ያኔ የከድር ስልክ ጠራ። እናቱ ናቸው። ሲደነግጥ ድምፅ ማጉያውን ነካውና ሁላችንም ሰማን። በደህና ገባችሁ ወይ አሉ። ከዚያ ሳቅ እያሉ፣ ስንቃችሁ በሙቀቱ ተበላሽቶ አገኘሁት፣ እንዳታፍሩ ብዬ ዝም አልኩ፣ ልጅቷ ቀመሰችልኝ ወይ አሉ።

ከድር ሰሚራን አያት። ዓይኑ ይለምናታል። እሷ ጣቷን ጠርሙሱ ውስጥ ነከረች፣ ቀመሰች። ውሸት እንዳይሆንባት ነው። ከዚያ ስልኩን ተቀበለችው። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን ጤነኛ ነው። «ቀመስኩት አዴ። እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም። ገለቶሚ» አለቻቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍሏ ገባች። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት በሰው ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም አዝኜ አላውቅም።

ነገ እንመለስ አልኩ። ከድር እዚያው ሐይቁ አጠገብ ላለ ጓደኛው ደወለ። ሌሊቱን የወረደው ጎርፍ ሜዳውን አጥለቅልቆታል፤ ጨውም የለም፣ መኪናም አይወርድም፤ ክረምቱ ገብቷል። አለቀ።

ሰው ሲጨንቀው እጁ ሥራ ይፈልጋል። እኔም የማደርገው ሳጣ ሳፋ ውኃ ሞላሁ፣ ኦሞ በተንኩ፣ ፌስታሉን ፈታሁ። ያ የእንቁላል ሽታ ቦግ አለ። ቀሚሴን አንስቼ ልነክር እጄን ዝቅ ሳደርግ የሰሚራ ክፍል በር ተበርግዶ ተከፈተ።

«አክስቴ! እጅሽን አንሺ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ከፍ አድርጊው! እንዳይነካው! በአላህ ውኃ እንዳይነካው!»

እጄን ሰቅዬ ቀረሁ፤ ቀሚሱ ከሳፋው በላይ ተንጠልጥሎ። መጥታ በቀስታ ወሰደችው። ጫፉን በብርሃን አየችው። ያ ነጣ ያለ ሮዝ ጨው እንደተጋገረ ነው።

«ስሚኝ አክስቴ» አለች። «ውኃው ሲደርቅ ጨው ይረጋል አይደል? ሲረጋ ግን ሁሉም ውኃ አይወጣም። ጨው ውስጥ በጣም ትንሽ ጠብታ ተዘግታ ትቀራለች። እነሱ እዚያ ጠብታ ውስጥ ይገባሉ። አይሞቱም፤ ይጠብቃሉ። ብዙ ጊዜ ይጠብቃሉ።»

«ቀሚሴ ላይ?»

«ቀሚስሽ ላይ!»

ከሱቄ ነጭ ወረቀት አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ እሷ በማንኪያ ስትፈቀፍቅ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ከድር በሩ ላይ ቆሞ ዱዓ ያደርጋል። በእፍኝ የሚሞላ አይደለም፤ ትንሽ ነገር ናት።

ከዚያ በኋላ

በማግስቱ ላቦራቶሪ ሄዳ እንደ ሐይቁ አድርጋ ጨውና ሶዳ ያለው ውኃ አዘጋጀች። ከፈቀፈቀችው ጨው ግማሹን እዚያ አስቀረች። ግማሹን ግን በአንዱ የማር ጠርሙስ ይዛ መጥታ የሱቄ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። «የናዝሬት ፀሐይ መብራት አይፈልግም፤ አያብድም» አለችኝ። ልክ ናት። በዚህ ሙቀት ስማረር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ቀናት አለፉ። ውኃው ጥርት እንዳለ ነው። ደንበኞች «እትዬ ዘሃራ፣ ይሄ ጠበል ነው ዘምዘም?» ይሉኛል፤ «ኮፒህን ያዝና ሂድ» እላለሁ። ሰሚራ ማታ ማታ ትመጣለች፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ታነሳለች፣ ትመልሰዋለች። ሰኔ እየገሰገሰ ነው። እኔ በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ፊት ለፊቷ ግን «አብሽሪ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት የተማሪ ጽሑፍ እየጠረዝኩ ቀና ስል ጠርሙሱ ቀለም ያለው መሰለኝ። አጠገቡ ሮዝ ማህደር ነበር፤ የሱ ነጸብራቅ ነው ብዬ ማህደሩን አነሳሁት። ጠርሙሱ አሁንም ሮዝ ነው። መነጽሬን አውልቄ በድሪያዬ ጠርጌ አደረግኩ። ሮዝ ነው! ደወልኩላት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ደንበኛው «ልጅ ተወለደላቸው መሰለኝ» ብሎ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ። ነጭ ጋውኗን እንኳን ሳታወልቅ በባጃጅ ደረሰች። ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሁለታችንም አለቀስን፤ አላፍርበትም። በማግስቱ ላቦራቶሪ ያለውም መቅላት ጀመረ።

አማካሪዋ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሲንቀሳቀሱ አገኛቸው። ከየት አመጣሻቸው ሲላት «ከአክስቴ ቀሚስ» አለችው። ሳቀባት። እውነቷን መሆኑን ሲያውቅ ግን፣ ምን ቦታ እንደቆሸሸ፣ እንዴት እንደደረቀ፣ ምን ውስጥ እንደተቀመጠ አንድም ሳታስቀር እንድትጽፈው አደረጋት። ጽፋዋለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የጠረዝኩት እኔው ነኝ፤ ያንን ገጽ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ኮፒ አድርጌ አድያለሁ።

የአዴ ቢፍቱን ድሪያ አጥቤ፣ ሁለቱን ጠርሙስ ቴምርና ስኳር ሞልቼ በከድር ላክሁ። ባዶ ዕቃ አይመለስማ። ስለ ጭቃው እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም፤ እንዳያፍሩ ብለን ዝም አልን። መመረቋን ስንነግራቸው ብቻ «ብያት ነበር እኮ፣ ባዶ እጅሽን አትመለሺ ብያት ነበር» አሉ።

ሰሚራ አሁን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ አልወጣችም፤ እያስተማረች የአባቷን ማሳ አፈር በጠርሙስ እያመላለሰች ትፈትሻለች። ገና ነው ትላለች። እኔም ለዒድ ሌላ ቀሚስ አሰፋሁ። ሐምራዊው በፌስታሉ ተቋጥሮ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያልተፈቀፈቀው ጎኑ እንዳለ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ስልኬ ይጠራል፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ አላጠብሽውም አይደል?»